ወዲህ ያለው የአንቺ፣ ወዲያ ያለው የእነሱ

ቆይ ሚጡ፣ ያንን ቪቴ ከመፍታትሽ በፊት አንዴ ስሚኝ። የስልኩ ሳጥን ኮሪደር ላይ፣ በር ሥር መሆኑ እንዳስጠላሽ አውቃለሁ። ራውተሩ ከጫማ ጋር መሬት ላይ ተቀምጧል፣ ዋይፋዩም ላይኛው መኝታ ቤት ሲደርስ አቅም ያጣል። እንግሊዞች ስልክ ቤታቸው ሲያስገቡ ኮሪደር ላይ ያስተክሉት ነበር፤ ብርዱ ላይ ቆመው ሁለት ቃል ተናግረው ለመዝጋት ይመስለኛል። እኛ ቤት ስልኩ ሳሎን ውስጥ ዳንቴል ለብሶ ነበር የሚቀመጠው፤ ጎረቤት ሲጠራበት እንኳ ወንበር ይቀርብለታል። ስለዚህ ላንሳው ማለትሽ አይገርመኝም። ግን ከመንካትሽ በፊት አንድ ነገር መልሺልኝ፦ ማዛወር የፈለግሽው ሳጥኑን ነው፣ ስልኩን ነው ወይስ ኢንተርኔቱን?

ሰው ሁሉ «ሶኬቱን ላዛውር» ይላል። ስትጠይቂው የሚፈልገው ኢንተርኔቱ ሥራ የሚሠራበት ጠረጴዛ ድረስ እንዲመጣለት ነው። አንቺም እንደዚያው ነሽ፤ እማዬ ከአዲስ አበባ የምትደውልልሽ በሞባይል እንደሆነ እኔም አውቃለሁ። ይህን ከለየሽ ግማሹ ሥራ ቀረልሽ፤ ምክንያቱም ኢንተርኔቱን ለማዛወር ሳጥኑን መንካት አያስፈልግም።

አሁን ሳጥኑን እይው። እዚህ አገር ማስተር ሶኬት የሚሉት ይህንን ነው። አገር ቤት ያለውን የውሃ ቆጣሪ አስቢ፤ ከቆጣሪው ወዲያ ያለው ቧንቧ የውሃና ፍሳሽ ነው፣ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የባለቤቱ። ይህም እንደዚያ ነው። ከውጭ ከምሰሶው ወይም ከመሬት ሥር የሚመጣው ሽቦና ሳጥኑ ራሱ የኦፕንሪች ንብረት ነው። ወርኃዊ ሂሳብ የምትከፍዪው ለሌላ ድርጅት ቢሆንም ሽቦው የእነሱ ነው። ኦፕንሪች እ.ኤ.አ. በ2006 ከስልክ ድርጅቱ ከቢቲ ሥር ራሱን ችሎ እንዲሠራ የተቋቋመ የመስመር ድርጅት ነው። ሀል በምትባለው ከተማ ብቻ ኬኮም የሚባል ሌላ ድርጅት አለ፤ እዚያ የመንገድ ስልክ ቤቶቹም ቀይ ሳይሆኑ ክሬም ናቸው። አንቺ ግን ለንደን ነሽ፣ ስለዚህ ኦፕንሪች ነው። ቨርጂን የሚባለው ድርጅት ያስገባው ክብ ወፍራም ኬብል ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ጨርሶ አትንኪው።

ድሮማ ስልኩ ራሱ የፖስታ ቤት ንብረት ነበር፤ ከግድግዳው ጋር በሽቦ ተያይዞ ስለሚኖር ከክፍል ክፍል ማዞር የሚባል ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1981 ነው እየተነቀለ የሚሰካው ሶኬት የመጣው። ሰዉ መሣሪያውን ከገበያ ገዝቶ እንዲሰካ ተፈቀደለት፤ ከሳጥኑ በስተጀርባ ያለው ግን እስከ ዛሬ የእነሱ ሆኖ ቀረ። ሳጥኑን ነቅለሽ፣ የሚመጣውን ሽቦ ቆርጠሽ፣ ቀጥለሽ ሌላ ክፍል ብትወስጂው በእነሱ ንብረት ላይ እየሠራሽ ነው። ዩቲዩብ ላይ ሲያደርጉት አይቻለሁ፤ ሲሠራም ይሠራል። መስመሩ የተበላሸ ዕለት ግን ሠራተኛው መጥቶ መቀጠያሽን ካየ ሂሳቡ ወደ አንቺ ነው የሚመጣው። ያ መቀጠያ በናስትሮ የተጠቀለለ ከሆነ ደግሞ ክረምት በገባ ቁጥር ኢንተርኔትሽ ይቆራረጣል። ውስጡ እርጥበት ይገባና መዳቡ ይዝጋል።

እንግዲህ የአንቺ የሚባለው የቱ ነው? ሳጥኑን ልብ ብለሽ ብታዪው ፊቱ ለሁለት የተከፈለ ነው፣ መሐሉ ላይ አግድም መስመር አለ። የታችኛው ግማሽ ሁለት ቪቴ አለው፤ እነሱን ስትፈቺ ወደ ፊት ይወጣል። አዲሱ ዓይነት ደግሞ ቪቴ የለውም፣ ጎንና ጎኑን ተጭነሽ ስትስቢው ይላቀቃል። ይህ የሚወጣው ክፍልና በጀርባው ላይ የተያያዘው ሽቦ ሁሉ የአንቺ ነው። ከሥሩ ብቅ የምትለው አንድ ቀዳዳ የመፈተሻ ሶኬት ትባላለች፣ ቆይተን እንመለስባታለን። ከዚያ በኋላ ያለውን፣ «ኤ» እና «ቢ» ተብሎ ምልክት የተደረገበትን፣ ተዪው። ውስጡ አንድ ካፓሲተርና አንድ ሬዚስተር አለ፤ ሬዚስተሩ ማንም ስልኩን ባላነሳበት ሰዓት እንኳ መስመሩ ቤትሽ ድረስ ደህና መሆኑን ከሩቅ ሆነው የሚለኩበት ነው። ፊቱ ያልተከፈለ፣ አንድ ወጥ የሆነ አሮጌ ትንሽ ሳጥን ከሆነ ግን እዚያው አቁሚ። እሱን ስትከፍቺ በቀጥታ የእነሱ ሽቦ ላይ ነው የምታርፊው። ወርኃዊ የምትከፍዪያቸውን ሰዎች ደውለሽ በአዲስ እንዲቀይሩልሽ ጠይቂ።

የታችኛው ግማሽ እንዲወጣ የተደረገው ለደህንነትሽም ነው። ሲላቀቅ የአንቺ ሽቦ በሙሉ ከውጭው መስመር ተለያየ ማለት ነው፤ እጅሽ ላይ የያዝሽው ፕላስቲክ ምንም ኤሌክትሪክ የለበትም። ስለዚህ ሥራሽን ሁሉ በተላቀቀው ክፍል ላይ ሥሪ፣ ስትጨርሺ መልሰሽ ግጠሚው። ግድግዳው ላይ የቀረው ግን ሕያው ነው። የስልክ መስመር ዝም ባለበት ሰዓት ወደ 50 ቮልት ይይዛል። ብዙ አይደለም፣ ደረቅ እጅ ላይ እምብዛም አይሰማሽም። ሰው በደወለ ጊዜ ግን መደወያው ወደ 75 ቮልት የሚጠጋ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ይጨምርበታል፤ ያኔ ይነዝርሻል፤ መሰላል ላይ ከሆንሽ ደግሞ ከንዝረቱ ይልቅ መውደቁ ይጎዳሻል።

እና እባክሽ፣ ሽቦ በጥርስ አትላጪ! ሰፈር ውስጥ ሬዲዮ የሚጠግን ሁሉ በጥርሱ ሲልጥ እያየን ነው ያደግነው። እዚህ ሥራ ላይ ደግሞ ጭራሽ መላጥ የሚባል ነገር የለም። ሶኬቱ ጀርባ ላይ ያሉት ጠባብ ስንጥቆች በውስጣቸው ስለት አላቸው። ሽቦውን ከነልብሱ አስቀምጠሽ ስትጫኚው ስለቱ ራሱ ላስቲኩን ቆርጦ መዳቡን ይይዛል። መጫኛዋ ትንሽ የፕላስቲክ መሣሪያ ናት፣ ከሶኬቱ ጋር አብራ ትሸጣለች፤ ካልሸጡልሽ ጠይቂ። በካቻቢቴ አትጫኚ፣ ስለቱን ይከፍተውና ሽቦው ላልቶ ይቀራል። አዲሱ ሳጥን መሣሪያም አይፈልግም፣ በጣት የሚዘጋ ክዳን አለው።

እንግዲህ የምፈራልሽ የስልኩን ሽቦ አይደለም። የምፈራልሽ ትራፓኖውን ነው። ግድግዳው ውስጥ የተደበቀው የመብራት ሽቦ 230 ቮልት ነው፣ እሱ ይገድላል። እዚህ አገር የመብራት ሽቦ የሚሄድበት መንገድ ደንብ አለው፤ ደንቡን ካወቅሽ ግማሽ ዓይን አገኘሽ ማለት ነው። ማብሪያ ወይም ሶኬት ካየሽ ከእሱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሽቦ ሊኖር ይችላል። ጣሪያው ሥርና ሁለት ግድግዳ የሚገናኝበት ጥግ ላይ ደግሞ እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ድረስ ሊኖር ይችላል። ግድግዳው ቀጭን ከሆነ ማዶ ያለውም ክፍል ይቆጠራል፤ ከጀርባው ማብሪያ መኖሩን ሄደሽ እይ። ከነዚህ ቦታዎች ራቂ። ይህም አይበቃም፤ ደንብ ያልጠበቀ ሰው ከአንቺ በፊት በዚህ ቤት ኖሮ ይሆናል። ስለዚህ ሽቦና ቧንቧ የሚጠቁመውን መሣሪያ ከጎረቤት ተዋሽ ወይም ግዢ፤ ፑንታውን ከማስገባትሽ በፊት ግድግዳውን ፈትሺበት፣ የዚያን ክፍል መብራትም ከፊውዝ ሳጥኑ አጥፊው። የእንጨት ወለል ሥርም የጋዝና የማሞቂያ ቧንቧ ይሄዳል፤ ዝም ብለሽ ምስማር አትምቺበት።

አሮጌ ቤት ነው ያልሽኝ፣ እንግዲህ አስቤስቶስም አለ። እንግሊዝ አገር ሙሉ በሙሉ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ስለዚህ ከፈረንጆች 2000 በፊት የተሠራ ወይም የታደሰ ቤት ሁሉ ሊኖረው ይችላል። ያ ጣሪያ ላይ ሞገድ ሞገድ ተደርጎ የተቀባው ነገር፣ ቱቦ ዙሪያ የተለበጠው ሰሌዳ፣ የድሮ የወለል ንጣፍ ተጠርጣሪዎች ናቸው። ሳይነኩት አይጎዳም፤ በትራፓኖ ስትበሺው ግን አቧራው ሳንባሽ ውስጥ ይገባል። እርግጠኛ ካልሆንሽ አትብሺ። ቤቱ የካውንስል ወይም የግለሰብ ኪራይ የሆነባቸው ጓደኞችሽ ደግሞ ከመብሳታቸው በፊት ከባለቤቱ ፈቃድ በጽሑፍ ይያዙ፤ በቃል የተፈቀደ ነገር ሲወጡ ከተያዣ ገንዘባቸው ላይ ሲቆረጥ አይቻለሁ።

ሽቦ ለመዘርጋት መብሳት የግድ አይደለም። ኬብሉን በዞኮሎው ጠርዝ ላይ አስኪጂው፣ በትንንሽ ክሊፕ ያዢው ወይም በማጣበቂያ የሚለጠፈውን ነጭ የፕላስቲክ መሸፈኛ ግዢ። ከመብራት ሽቦ ጋር አብሮ አይሂድ፣ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ምንጣፍ ሥር፣ ሰው የሚረግጥበት ላይ አታድርጊው። መታጠቢያ ቤት ውስጥም አታስገቢው። ነጎድጓድ ባለበት ቀን ደግሞ ሳጥኑን አትክፈቺ፤ የሰፈርሽ መስመር በምሰሶ ላይ ነው የሚመጣው።

ከመጀመርሽ በፊት ጥቂት ነገር። ሳጥኑን ከፍተሽ ማንኛውንም ሽቦ ከመንቀልሽ በፊት በስልክሽ ፎቶ አንሺ፤ የትኛው ቀለም የት እንደነበረ በኋላ ከራስሽ ጋር አትከራከሪም። ራውተሩን አጥፊው፣ ሥራው እስኪያልቅም አታብሪው። ኢንተርኔቱ በተደጋጋሚ ብልጭ ድርግም ካለ መስመሩን የሚከታተለው ሥርዓት ሽቦው የታመመ ይመስለውና ፍጥነቱን ራሱ ይቀንስብሻል፤ እስኪመልስልሽም ቀናት ይወስዳል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ጀምሪ እንጂ ማታ ከሥራ መጥተሽ አይሆንም። የሌባ ማስጠንቀቂያ ደወል በስልክ መስመሩ የተያያዘ ከሆነ ድርጅቱን ቀድመሽ ንገሪ። ሞባይልሽ ቻርጅ የተደረገ ይሁን፤ መስመሩ ተቆርጦ ሳለ ለድንገተኛ ነገር 999 መደወል ቢያስፈልግ ሌላ ስልክ የለሽም።

አሁን ወደ ሥራው። የቤት ስልኩን ሌላ ክፍል ማድረግ ከፈለግሽ ከዚህ ከሚወጣው ክፍል ተነስተሽ ተከታይ ሶኬት ትዘረጊያለሽ። ሱቅ ስትሄጂ «ማስተር» ሳይሆን «ኤክስቴንሽን» ወይም «ሰከንደሪ» የሚለውን ግዢ፤ ማስተር በቤት ውስጥ አንድ ብቻ ነው። ኬብሉ ጥንድ ጥንዱ የተጠማዘዘ፣ ንጹሕ መዳብ የሆነ ይሁን፤ ርካሹ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ ስትጫኚው ይሰበራል። ያ ጠፍጣፋ ነጭ የስልክ ገመድ ደግሞ ለስልክ ድምፅ ያገለግል ይሆናል እንጂ ኢንተርኔት ሲያልፍበት ከየአቅጣጫው ጫጫታ ይሰበስባል። የሚያስፈልጉሽ ሁለት ሽቦዎች ብቻ ናቸው። ሰማያዊ ሆኖ ነጭ ቀለበት ያለበት ቁጥር 2 ላይ፣ ነጭ ሆኖ ሰማያዊ ቀለበት ያለበት ቁጥር 5 ላይ፣ በሁለቱም ጫፍ። ቁጥር 3 ላይ የሚገባ ብርቱካናማ ሽቦ ልታገኚ ትችያለሽ፤ እሱ የድሮ ስልኮች ለመጮህ የሚፈልጉት ነው። የዛሬዎቹ አብዛኛዎቹ አይፈልጉትም፣ ኢንተርኔትን ግን ይረብሻል። እሱን አንዱን ሽቦ ብቻ በማውጣት ፍጥነታቸው የተሻሻለላቸው ብዙ ናቸው፤ ገንዘብ የማይጠይቅ ጥገና ስለሆነ ሌላው ቢቀር እሱን አድርጊ።

ኢንተርኔቱን ማዛወር ነው የምትይ ከሆነ ግን የእኔ ፍርድ ግልጽ ነው፦ የስልኩን ሽቦ አታርዝሚ። በመዳብ ስልክ መስመር የሚመጣ ኢንተርኔት በእያንዳንዱ ሜትርና በእያንዳንዱ መቀጠያ ይደክማል። መንገድ ዳር ካለው አረንጓዴ ካቢኔ ተነስቶ ቤትሽ እስኪደርስ የደከመው ሳይበቃ አንቺ ደግሞ በአሥር ሜትር መናኛ ሽቦ ታደክሚዋለሽ። ራውተሩ እዚያው ኮሪደር ላይ፣ ሳጥኑ አጠገብ ይሁን። ከራውተሩ ጀርባ የኔትወርክ ኬብል አውጥተሽ እስከ ጠረጴዛሽ ዘርጊ። ካት ፋይቭ ኢ የሚባለው እስከ 100 ሜትር ድረስ አንድ ጊጋ ቢት ያለ ችግር ያደርሳል፤ ለንደን ውስጥ እንደኛ ያለ ሰው ከዚህ የሚረዝም ቤት የለውም! እዚያ ጫፍ ላይ ሁለተኛ የዋይፋይ ማሰራጫ ብታስቀምጪ ላይኛው ፎቅም ይዳረሳል። ይህን ለማድረግ ሳጥኑን አትከፍቺም፣ የማንንም ንብረት አትነኪም፣ ከስልክ ኤሌክትሪክም ጋር አትገናኚም።

ራውተሩ የግድ ሌላ ክፍል ካልገባ ካልሽኝ፣ አንድ ወጥመድ ልንገርሽ። ማስተሩ ላይ ሁለት ቀዳዳ ያለው ፊት ካለ፣ አንዱ ለስልክ አንዱ ለኢንተርኔት፣ ስልኩንና ኢንተርኔቱን የሚለየው ማጣሪያ እዚያው ውስጥ ተገጥሟል። እንግዲያው 2 እና 5 ላይ ተነስተሽ የዘረጋሽው ሶኬት የተጣራ ነው፤ ስልክ ይሠራበታል፣ ኢንተርኔት ግን ዝም ይላል። ሰው እዚህ ላይ ደርሶ ሽቦውን ሁሉ ሲያገላብጥ ይውላል። ያልተጣራው መስመር የሚወጣው በዚያው ፊት ጀርባ ላይ ለዳታ ተብሎ ከተለየው ጥንድ ማያያዣ ነው፤ ከእሱ በአንድ የተጠማዘዘ ጥንድ ወስደሽ ጫፉ ላይ ለራውተር የሚሆነውን ትንሹን ሶኬት ግጠሚ። እዚያ ማያያዣ ላይ «ኤ» እና «ቢ» ሊጻፍበት ይችላል፤ እኔ የምልሽ ተላቅቆ እጅሽ ላይ ያለውን ነው፣ ግድግዳው ላይ ከቀረው ጋር እንዳታምታቺው። ፊቱ አንድ ቀዳዳ ብቻ ካለው ደግሞ ሽቦው ያልተጣራ ነው፣ በእያንዳንዱ ስልክ ላይ ትንሿን ማጣሪያ መሰካት አለብሽ።

ስትጨርሺ ያቺን የመፈተሻ ሶኬት አስታውሺ። የታችኛውን ግማሽ አውጥተሽ ስልኩን በቀጥታ እዚያ ሰክተሽ ስሚ። ጭር ያለ ጥሩ ድምፅ ካለ፣ መልሰሽ ስትገጥሚው ግን ከተንኮሻኮሸ፣ ጥፋቱ የአንቺ ሽቦ ላይ ነው። እዚያ ላይም ከተንኮሻኮሸ የእነሱ ነው፣ ደውለሽ አምጪያቸው። በድሮው መስመር ላይ ያሉ ብዙ ስልኮች 17070 ደውለው 2ን ሲመርጡ ጸጥ ያለ መስመር ይሰጧቸዋል፤ ያን ጊዜ ትንሹም ጫጫታ ይሰማሻል። ሠራተኛ ከመጥራትሽ በፊት ይህን ፈትሺ፤ ጥፋቱ በአንቺ በኩል ከተገኘ ሂሳብ ይጠይቁሻል።

ይህን ሁሉ ከነገርኩሽ በኋላ ደግሞ፣ ገንዘብና ጉልበት ከማውጣትሽ በፊት ማወቅ ያለብሽ ነገር አለ። የድሮው የስልክ ሥርዓት ሊዘጋ ነው። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ለ2025 መጨረሻ ቀጥረውት ነበር፤ በኋላ እ.ኤ.አ. ወደ ጥር 31 ቀን 2027 አራዘሙት። ከዚያ በኋላ የቤት ስልክ የሚሰካው ግድግዳው ላይ ሳይሆን ራውተሩ ጀርባ ነው። ይህ ማለት መብራት ሲጠፋ ስልኩም ይጠፋል። እታች የሚኖሩት እማማ አንገታቸው ላይ የሚያደርጉት የድንገተኛ ጥሪ ቁልፍ አለ አይደል፣ እሱም በስልክ መስመር ነው የሚሠራው፤ ከመዘዋወሩ በፊት አዲሱ መስመር ላይ መሥራቱን ለሚሰጣቸው ድርጅት ደውለሽ አረጋግጪላቸው። እሳቸው እንግሊዝኛው ያስቸግራቸዋል። አንዳንድ ሰው ደግሞ የራውተሩን የስልክ መውጫ መልሶ ግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰካል፣ የቤቱ ስልኮች ሁሉ እንዲሠሩለት። የውጭው መስመር ሳይለያይ እንዲህ ማድረግ ራውተሩን ሊያቃጥል ይችላል፣ አንቺ እንዳታደርጊው።

በቀጭን የመስታወት ገመድ የሚመጣው ፋይበር ኢንተርኔት ቤትሽ ከገባ ደግሞ ይህ ሳጥን ከነሽቦው ከሥራ ይወጣል። ፋይበር የሚያስገቡልሽ ሰዎች ሲመጡ የሚገጥሙት ሳጥን የት እንደሚሆን ከአንቺ ጋር ተነጋግረው ነው፤ ቦታ የመምረጥ ዕድል በነፃ የምታገኚው ያን ቀን ነው። መብራት ሶኬት አጠገቡ ይፈልጋል፣ ይህን አስበሽ ጠብቂያቸው። ከተገጠመ በኋላ ግን ያንን ቀጭን ገመድ አንቺ አታዛውሪው። ውስጡ መስታወት ነው፣ ሲታጠፍ ይሰበራል፤ የሚያልፍበትም ብርሃን በዓይን የማይታይ ጨረር ስለሆነ ጫፉን ነቅለሽ ወደ ውስጥ አትመልከቺ።

ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ለኢንተርኔት ድርጅትሽ ደውዪና ሁለት ጥያቄ ጠይቂ፦ ፋይበር እኔ መንገድ ላይ ደርሷል ወይ? ካልደረሰ ማስተር ሶኬቱን በእናንተ ሠራተኛ ለማዛወር ስንት ትጠይቁኛላችሁ? ዋጋውን ሳይነግሩሽ ቀጠሮ አትያዢ። ፋይበሩ ከደረሰ ሳጥኑን እንዳለ ተዪው። እስከዚያው የኔትወርክ ኬብሉን በዞኮሎው ላይ ዘርጊ፤ እሱን ለመሥራት የማንም ፈቃድ አያስፈልግሽም።